ስለ ዱር ባምብል ንቦች ጤና፣ ተውሳኮችና ርክበ ብናኝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ሰዎች ስለ ባምብል ንቦች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ቀላሎቹ ቀድመው፣ አከራካሪዎቹ ኋላ ተቀምጠዋል።

ባምብል ንብ ምን ዓይነት ንብ ነው?

ባምብል ንብ ቦምቡስ በሚባለው ወገን ውስጥ የሚመደብ፣ ሰውነቱ ድንቡሽ ያለ፣ ጥቅጥቅ ባለ ጸጉር የተሸፈነና ሲበር ወፈር ያለ ድምፅ የሚያሰማ ንብ ነው። በዓለም ላይ 260 ያህል ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ አብዛኞቹ በጥቁር ላይ ቢጫ፣ ነጭ ወይም ቀይ መቀነት አላቸው። እንደ ማር ንብ በንግሥት፣ በሠራተኞችና በድንጉላዎች (በወንዶቹ ንቦች) ተደራጅተው በኅብረት ይኖራሉ።

ከማር ንብ የሚለያቸው ዋናው ነገር የኅብረ ንቡ መጠንና ዕድሜ ነው። የማር ንብ በአንድ ቀፎ በአሥር ሺዎች ሆና ከዓመት ዓመት ስትዘልቅ፣ የባምብል ንብ ኅብረት ግን ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 400 ሠራተኞች ብቻ ይኖሩታል፤ ከአንድ የአበባ ወቅትም አያልፍም። ስንቁም በትናንሽ የሰም ማሰሮዎች የሚቀመጥ የጥቂት ቀን ወለላ (ከአበባ የሚቀሰም ጣፋጭ ፈሳሽ) ስለሆነ የሚቆረጥ ማር የለውም።

በየትኞቹ የዓለም ክፍሎች ይገኛሉ?

ዋና መኖሪያቸው የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ቀዝቃዛና መካከለኛ የአየር ንብረት ያላቸው አገሮችና ከፍተኛ ተራሮች ናቸው፤ እስከ አርክቲክ ክልል የዘለቁ ዝርያዎችም አሉ። ደቡብ አሜሪካም የራሷ ዝርያዎች አሏት። ከሰሃራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍልና በአውስትራሊያ ግን በተፈጥሮ የሚገኝ ባምብል ንብ የለም፤ በነዚህ አካባቢዎች ብዙ ጊዜ በባምብል ንብ ስም የሚጠሩት ደረቅ እንጨት እየበሱ የሚኖሩ ትልልቅ ንቦች ናቸው። ሆዳቸው ጸጉር የሌለውና የሚያብለጨልጭ መሆኑ ለመለየት ይረዳል።

ሰው ያሻገራቸው ቦታዎችም አሉ። ኒውዚላንድ ውስጥ ለከብት መኖ የተዘራው ቀይ ክሎቨር ዘር አልሰጥ ስላለ እ.ኤ.አ. በ1885 ባምብል ንቦች ከእንግሊዝ ተወስደው ተለቀቁ፤ ዘራቸው እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

ይናደፋሉ?

ሴቶቹ መናደፍ ይችላሉ። መርፌያቸው የማር ንብ መርፌ ያለው ዓይነት ሰንኮፍ ስለሌለው በሰው ቆዳ ላይ ተነቅሎ አይቀርም፤ ስለዚህ አንዷ ንብ ከአንድ ጊዜ በላይ ልትነድፍ ትችላለች። ይሁን እንጂ ጎጆዋ ካልተነካ ወይም ካልተጨፈለቀች በቀር አትተናኮልም። አበባ ላይ ያለች ንብ ሲቀርቧት የመካከለኛ እግሯን ወደ ላይ ካነሳች ማስጠንቀቋ ነው። ድንጉላዎቹ መርፌ የላቸውም።

ኅብረ ንቡ በዓመት ውስጥ እንዴት ይመሠረታል፣ እንዴትስ ያበቃል?

ዓመቱ የሚጀምረው በአንዲት ብቸኛ ንግሥት ነው። የብርድ ወራትን አፈር ውስጥ ተቀብራ ያሳለፈችው ንግሥት ጸደይ ሲገባ ትወጣለች፤ ከመጀመሪያዎቹ አበቦች እየቀሰመች ጉልበቷን ትመልሳለች፤ ከዚያም አይጥ የተወውን ጉድጓድ ወይም የሣር ጉንጉን ፈልጋ ጎጆ ትሠራለች። የሰም ማሰሮ አበጅታ ወለላ ታጠራቅምበታለች፤ በብናኝ ክምር ላይ ዕንቁላሎቿን ጥላ፣ የደረቷን ጡንቻ እያንቀጠቀጠች በሚፈጠረው ሙቀት እንደ ወፍ ትታቀፋቸዋለች። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች እስኪፈለፈሉ ድረስ ቀሳሚም፣ ሞግዚትም፣ ዘበኛም እርሷ ራሷ ናት።

ሠራተኞቹ ሥራውን ከተረከቡ በኋላ ንግሥቲቱ ከጎጆ አትወጣም። ኅብረቱ አድጎ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ድንጉላዎችና አዳዲስ ንግሥቶች ይወለዳሉ፤ እነርሱም ወጥተው ይገናኛሉ፤ አሮጊቷ ንግሥት፣ ሠራተኞቹና ድንጉላዎቹ በሙሉ ይሞታሉ። ወደሚቀጥለው ዓመት የሚሻገሩት ከድንጉላ ጋር የተገናኙት አዳዲስ ንግሥቶች ብቻ ናቸው።

ይህ ሥርዓት የጤናውን ጉዳይ ሁሉ ስለሚወስን በደንብ ሊያዝ ይገባል። አንዲት ሠራተኛ በበሽታ ብትሞት ኅብረቱ ሊቋቋመው ይችላል፤ በጸደይ አንዲት ንግሥት ስትሞት ግን ያልተወለደው ኅብረት በሙሉ አብሯት ይጠፋል። ስለዚህ የትኛውም ተውሳክ፣ መርዝ ወይም የአበባ እጥረት ሲመዘን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ንግሥቲቱን ምን ያደርጋታል?» የሚለው ነው።

በርክበ ብናኝ ላይ ያላቸው ድርሻ ከሌሎች ንቦች በምን ይለያል?

በሦስት ነገር ይለያል፤ የመጀመሪያው ብርድ መቻላቸው ነው። ለመብረር የደረታቸው ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መድረስ አለበት፤ ይህንንም ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ ጡንቻቸውን በማንቀጥቀጥ ራሳቸው ያመነጩታል፤ ጸጉራቸው ደግሞ ሙቀቱ በቀላሉ እንዳያመልጥ ያግዳል። በዚህ ምክንያት የማር ንብ ከቀፎ በማትወጣበት ማለዳ፣ ደመናና ካፊያ ይሠራሉ። ሁለተኛው የምላሳቸው ርዝመት ነው። ረጅም ምላስ ያላቸው ዝርያዎች እንደ ቀይ ክሎቨር ያሉ ወለላቸው በጠባብ ቱቦ ሥር የተደበቀ አበቦችን ይደርሱባቸዋል።

ሦስተኛውና ዋነኛው አበባን በንዝረት ማራገፋቸው ነው። የቲማቲም፣ የደበርጃንና የብሉቤሪ አበቦች ብናኛቸውን የሚይዙት ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ባለው የወንዴ ከረጢት ውስጥ ነው። ንቧ ከአበባው ሥር ተንጠልጥላ ከረጢቱን በመንጋጋዋ ትነክሳለች፤ ክንፏን አጥፋ የበረራ ጡንቻዎቿን በሰከንድ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ታንዘረዝራለች፤ ያን ጊዜ ብናኙ ከቀዳዳው ተፈናጥቆ ሆዷ ላይ ይራገፋል። ድምፁ ከበረራ ድምፅ ቀጠን ያለ ስለሆነ አጠገቡ የቆመ ሰው በጆሮው ይለየዋል። የማር ንብ ይህን አትችልም። በመስተዋት ቤት ቲማቲም የሚያለሙ ሰዎች በየማለዳው አበቦቹን እየዞሩ የሚያዩት የመንጋጋው ንክሻ የሚተወውን ቡናማ ጠባሳ ነው፤ ጠባሳ ያለው አበባ ተጎብኝቷል፣ የሌለው ገና ነው።

የማር ንብ በብዛት ካለ የዱር ባምብል ንብ ለምን ያስፈልጋል?

ከላይ የተባለው ሥራ ስለማይተካ ነው። ከዚህም በላይ ርክበ ብናኝን በአንድ የንብ ዝርያ ላይ ብቻ መጣል፣ ያ ዝርያ በበሽታ ወይም በአየር ጠባይ በተመታበት ዓመት ሰብሉንም የዱር ዕፅዋቱንም ያለ አገናኝ ማስቀረት ነው።

አንዳንዶች ባምብል ንቦችን ለመርዳት ብለው የማር ንብ ቀፎ ያስቀምጣሉ፤ ይህ የዋህነት ነው። የማር ንብ የቤት እንስሳ ናት። አበባ ባነሰበት ቦታ ብዙ ቀፎ መደርደር የዱሮቹን ምግብ ይሻማል፤ ወደ ኋላ እንደምንመለስበትም በሽታ ያጋራቸዋል።

አበባውን ከጎን በስተው ወለላ ሲጠጡ አበባውን ይጎዳሉ?

ምላሳቸው አጭር የሆነ ዝርያዎች ረጅም ቱቦ ያለውን አበባ ከሥሩ በመንጋጋቸው በስተው ይጠጣሉ፤ በዚህ ጊዜ ብናኙን ስለማይነኩ አገልግሎት ሳይሰጡ ደመወዝ መውሰድ ይሆናል። ያም ሆኖ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ከሚገመተው ያነሰ ነው። ያው ንብ በሌላ ጊዜ ብናኝ ፍለጋ ከፊት ለፊት ስለሚገባ በርካታ ዕፅዋት እንደተለመደው ዘር ይሰጣሉ።

ባምብል ንቦችን የሚያጠቁ ዋና ዋና ተውሳኮች የትኞቹ ናቸው?

በዓይን የማይታዩት ሦስቱ በብዛት ይጠቀሳሉ። ክሪቲዲያ ቦምቢ በአንጀት ውስጥ የሚኖር ባለ ጅራፍ ነጠላ ሕዋስ ነው። ጥሩ የተመገበች ሠራተኛ ተሸክማው ልትኖር ትችላለች፤ ስትራብ ግን ቶሎ ይገድላታል። ከሁሉ የሚከፋው ንግሥት ላይ ነው፤ የብርድ ወራትን ከእርሱ ጋር ያሳለፈች ንግሥት ኅብረት የመመሥረትና ትውልድ የማፍራት አቅሟ በ40 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ኖዜማ ቦምቢ ደግሞ ከፈንገስ ወገን የሚቀርብ ሲሆን በአንጀትና በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ይራባል፤ በብርቱ የተያዘ ኅብረት ክንፋቸው የተጨማደደ፣ ሆዳቸው የተነፋና ዘር መተካት የማይችሉ ንቦችን ያወጣል። አፒሲስቲስ ቦምቢ ንቧ የጉልበት ስንቋን የምታስቀምጥበትን የስብ ሕብረ ሕዋስ ያጠፋል፤ ከስብ በቀር ሌላ ስንቅ ሳትይዝ የብርድ ወራትን ለምትሻገር ንግሥት ይህ ሞት ነው።

ከነዚህ ውጭ በአየር ቧንቧዎቻቸው ውስጥ ገብቶ ደማቸውን የሚመጥ ሎከስታካረስ ቡክነሪ የተባለ ማይት (የመዥገር ዘመድ የሆነ ጥቃቅን ተባይ)፣ ሰሙንና እጩን የሚበላ የሰም እሳት እራት፣ እንዲሁም በሚቀጥሉት ጥያቄዎች የሚነሱት ትል፣ ዝንብና ጎጆ ቀሚ ንቦች አሉ። አብዛኞቹ ከባምብል ንቦች ጋር ለረጅም ዘመን አብረው የኖሩ ናቸው፤ መኖራቸው ብቻውን የጥፋት ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

በሽታው ከአንዱ ኅብረት ወደ ሌላው እንዴት ይተላለፋል?

ዋናው መንገድ አበባ ነው። የታመመች ንብ ወለላ ስትቀስም በአበባው ላይ ዓይነ ምድር ትጥላለች፤ በውስጡ ያለው ተውሳክ ለአጭር ጊዜ ሕያው ሆኖ ይቆያል፤ ቀጥላ የመጣችው ንብ ከወለላው ጋር ትወስደዋለች። አበባ በዚህ ረገድ ብዙ ሰው ሳይታጠብ የሚጠጣበት የጋራ ጣሳ ነው። የአበባው ቅርጽ፣ ንቧ የምታርፍበት ቦታና ፀሐይ የሚያገኘው መጠን የመተላለፉን ዕድል ከአበባ አበባ ይለውጡታል።

በአንድ ጎጆ ውስጥ ደግሞ ንቦቹ ከአንድ ማሰሮ ስለሚጠጡና በአንድ ሰም ላይ ስለሚመላለሱ መተላለፉ በጣም ቀላል ነው።

በጸደይ መሬት ለመሬት እየበረረች አፈር የምትጭር ንግሥት ታማ ነው?

ልትሆን ትችላለች። ጤነኛዋም ንግሥት ጎጆ ስትፈልግ ዝቅ ብላ ስለምትበር በአንድ እይታ መፍረድ አይቻልም፤ ነገር ግን ሌሎቹ ንግሥቶች እግራቸው ላይ ብናኝ ጭነው ወደ ጎጆ በሚመላለሱበት ጊዜ አንዷ ባዶ እግሯን ከቦታ ቦታ እያረፈች ብትቆፍር፣ ስፌሩላሪያ ቦምቢ በተባለ ድቡልቡል ትል መያዟ ሊጠረጠር ይገባል።

ትሉ ወደ ንግሥቲቱ የሚገባው በብርድ ወራት አፈር ውስጥ ተኝታ ሳለች ነው። ንግሥቲቱ ስትነቃ የሴቴዋ ትል ማኅፀን ከትሉ አካል ወጥቶ እየተነፋ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ የትሉ የራሱ አካል በዓይን ለማየት እስከሚያስቸግር ድረስ አንሶ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ንግሥቲቱ በሆዷ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የትል ልጆች ይፈለፈሉባታል፤ የራሷ ዕንቁላል አይዳብርም፤ ጎጆም አትመሠርትም። ይልቁንም ለመኝታ የሚስማማ ቦታ የምትመርጥ ያህል እየተዘዋወረች አፈር ትጭራለች፤ በየጫረችበትም የትሉን ልጆች ጥላ ትሄዳለች። በሚመጣው ዓመት ጤነኞቹ ንግሥቶች ሊተኙ የሚመጡት እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ዝንብ ባምብል ንብን ከውስጥ ይበላል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ኮኖፒድ ከሚባለው ቤተሰብ የሆኑ፣ ተርብ የሚመስሉ ዝንቦች አሉ። ሴቴዋ በአበባ አጠገብ አድብታ ቀሳሚዋን ንብ ትይዛታለች፤ በሆዷ ቀለበቶች መካከል አንድ ዕንቁላል ሰክታ ትለቃታለች። እጩ ሆዷን እየበላ ያድጋል፤ ንቧም ከ10 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ትሞታለች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሁለት ወገን ትግል ይታያል። በእጩ የተያዙ ሠራተኞች ሌሊቱን ወደ ሞቃቱ ጎጆ ከመመለስ ይልቅ ውጭ ብርዱ ላይ ማደርን ይመርጣሉ፤ ብርዱ የእጩን ዕድገት ስለሚያዘገየው ዕድሜያቸው በጥቂት ይረዝማል። በመጨረሻው ሰዓት ግን የሚያሸንፈው ዝንቡ ነው፤ ብዙዎቹ ንቦች ከመሞታቸው በፊት አፈር ቆፍረው ይገባሉ፤ ይህም የሚጠቅመው በሬሳው ውስጥ ሆኖ የብርድ ወራትን የሚያሳልፈውን ዝንብ እንጂ ንቧን አይደለም።

የሌላውን ጎጆ የሚቀሙ ባምብል ንቦች አሉ ይባላል፤ እነዚህም ጥገኞች ናቸው?

አዎን። ከቦምቡስ ወገን ውስጥ 30 የሚያህሉ ዝርያዎች ሠራተኛ አይወልዱም፤ በኋላ እግራቸውም የብናኝ መያዣ ቅርጫት የላቸውም። ሴቴዋ የሌላ ዝርያ ጎጆ ሰብራ ትገባለች፤ ባለቤቲቱን ንግሥት ትገድላለች ወይም ታስገብራለች፤ ልጆቿንም የባለቤቲቱ ሠራተኞች እንዲያሳድጉላት ታደርጋለች። ቆዳዋ ወፍራም፣ መርፌዋ ጠንካራ የሆነውም ለዚህ ነው። ነገር ግን እነዚህ ንቦች ሲታዩ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ጥገኛው ሊኖር የሚችለው ባለጎጆው በብዛት ሲኖር ብቻ ስለሆነ መኖራቸው ብዙውን ጊዜ የአካባቢውን ደኅንነት ያሳያል።

ጀርባዋ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ የመሰሉ ተባዮች የተጣበቁባት ንብ ልትረዳ ይገባል?

አይገባም። በዓይን የሚታዩትና በደረትና በሆድ መጋጠሚያ ላይ የሚሰበሰቡት ማይቶች አብዛኞቹ ንቧን እንደ መጓጓዣ የሚጠቀሙ ናቸው፤ ምግባቸው በጎጆው ውስጥ ያለው ብናኝ፣ ሰምና ቆሻሻ ነው። በጣም ሲበዙ ክብደታቸው በረራዋን ሊያስቸግር ይችላል። በብሩሽ ወይም በወረንጦ ለማንሳት የሚሞክር ሰው ግን ከማይቶቹ የበለጠ ጉዳት የማድረስ ዕድል አለው። አደገኛው ማይት በአየር ቧንቧ ውስጥ ያለው ነው፤ እርሱ ደግሞ ያለ ማጉያ መነጽር አይታይም።

የማር ንብ በሽታ ወደ ባምብል ንብ ይተላለፋል?

ቫሮዋ የተባለው የማር ንብ ማይት በባምብል ንብ ላይ አይራባም፤ ስለዚህ በቀጥታ አያሰጋቸውም። ነገር ግን ቫሮዋ በማር ንቦች መካከል የሚያሰራጨው የክንፍ አጣማሚ ቫይረስ በባምብል ንቦችም ላይ ይገኛል፤ በሙከራም ዕድሜያቸውን እንደሚያሳጥር ታይቷል። በብሪታንያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በአንድ አካባቢ ያሉ የማር ንቦችና ባምብል ንቦች የሚጋሩት የቫይረሱ ዓይነት ተመሳሳይ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ንብ አናቢ ቫሮዋን በጊዜው ሲቆጣጠር ከራሱ ቀፎ አልፎ የዱሮቹንም ይጠብቃል።

ለመስተዋት ቤት የሚሸጡ ባምብል ንቦች ለዱሮቹ ስጋት ናቸው?

ናቸው፤ የስጋቱ መጠን ግን በአያያዝ ይወሰናል። ባምብል ንብን ለቲማቲም ርክበ ብናኝ እያራቡ መሸጥ የተጀመረው በ1980ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በቤልጅየም ሲሆን ዛሬ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኅብረ ንቦች በካርቶን ሣጥን ታሽገው ከአገር አገር ይጓዛሉ። ቀድሞ በሠራተኛ እጅ በሚያዝ ነዛሪ መሣሪያ ይሠራ የነበረውን ሥራ ተክተዋል፤ ተባይ ማጥፊያ ሲረጭ ንቦቹ ስለሚሞቱም ገበሬው መርዝ እንዲቀንስ አድርገዋል። ጥቅማቸው የሚካድ አይደለም።

ችግሩ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የሚመገቡት ብናኝ ከማር ንቦች የሚሰበሰብ በመሆኑ ካልታከመ ተውሳክ ያስገባል፤ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከተውሳክ ነጻ ተብለው ከተሸጡ ኅብረ ንቦች ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ተውሳክ እንደነበረባቸው አረጋግጧል። ሁለተኛ፣ ንቦቹ በመስተዋት ቤቱ ማናፈሻ ወጥተው ከዱሮቹ ጋር አንድ አበባ ላይ ይቀስማሉ። ሦስተኛ፣ የሌላ አገር ዝርያ ከሆኑ አምልጠው ሊሰፍሩ ይችላሉ። ለዚህ ከሁሉ የሚያሳዝነው ምሳሌ የፓታጎኒያ ነው፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ቺሊ የገባው ቦምቡስ ቴሬስትሪስ የተባለው የአውሮፓ ዝርያ ድንበር ተሻግሮ ወደ አርጀንቲና ተስፋፋ፤ በደረሰበት ሁሉ በዓለም ከትልልቆቹ ባምብል ንቦች አንዱ የሆነው ወርቃማው ቦምቡስ ዳልቦሚ እየጠፋ ሄደ። ጃፓን ይህንኑ የአውሮፓ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2006 ጎጂ መጤ ብላ ፈርጃ አያያዙን በሕግ አጥብቃለች።

የሚጠቀሙባቸው ሰዎች ማድረግ የሚችሉት የታወቀ ነው፤ የአካባቢውን ዝርያ ብቻ መግዛት፣ ማናፈሻዎችን በወንፊት መሸፈን፣ የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበትን ሣጥንም ሜዳ ላይ ከመጣል ይልቅ ንቦቹ ከውስጡ ሳይወጡ በማቀዝቀዣ በብርድ ገድሎ ወይም አቃጥሎ ማስወገድ። ብዙ ጊዜ ቸል የሚባለው የመጨረሻው ነው።

የዱር ባምብል ንቦች እየቀነሱ ያሉት በተውሳክ ምክንያት ነው?

በተውሳክ ብቻ አይደለም፤ በአንዳንድ ዝርያዎች ላይ ግን ድርሻው ትልቅ ሳይሆን አይቀርም። በሰሜን አሜሪካ ቦምቡስ ፍራንክሊኒ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2006 በኦሪገን ነው። ቀድሞ በሰፊው ይታይ የነበረው ቦምቡስ አፊኒስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ለመጥፋት ተቃርበዋል ተብለው በአሜሪካ ሕግ ከሚጠበቁ ዝርያዎች ተርታ ገባ። የሁለቱም መቀነስ በ1990ዎቹ ለገበያ ከሚራቡት ንቦች መስፋፋት ጋር መግጠሙ ኖዜማን ቀዳሚ ተጠርጣሪ አድርጎታል። በእርግጥም ተውሳኩ በሚቀንሱት ዝርያዎች ላይ በብዛት ይገኛል። ሆኖም በሙዚየም የተቀመጡ የቆዩ ናሙናዎች ሲመረመሩ ኖዜማ በአሜሪካ ከዚያ ዘመን በፊትም በጥቂቱ እንደነበረ ታውቋል፤ ስለዚህ ከውጭ የመጣ አዲስ ተውሳክ ነው የሚለው አልተረጋገጠም። የነበረው ተውሳክ መጠን ለምን አሻቀበ የሚለው ነው ዋናው ጥያቄ።

በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ግምገማ ከ68ቱ ዝርያዎች 46 በመቶው ቁጥራቸው እየቀነሰ፣ 24 በመቶው ደግሞ የመጥፋት አደጋ ተጋርጦባቸው ተገኝተዋል። እዚያ በቀዳሚነት የሚጠቀሱት አበባ የነበራቸው የሣር መስኮች መታረስ፣ ፀረ ተባይ መርዝና የአየር ንብረት መሞቅ ናቸው። ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባሉት መርዞች ንቧን ወዲያው ሳይገድሉ ኅብረቱን ያመክናሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ሙከራ፣ ከእነዚሁ መርዞች አንዱ የሆነውን ኢሚዳክሎፕሪድን በማሳ ላይ ሊያጋጥም በሚችል መጠን የቀመሱ ኅብረ ንቦች ያወጧቸው አዳዲስ ንግሥቶች ካልቀመሱት በ85 በመቶ ያነሱ ነበሩ። የአውሮፓ ኅብረት ሦስቱን ዋና ዋናዎቹን እ.ኤ.አ. በ2018 በገላጣ ማሳ ላይ እንዳይውሉ አግዷል።

እነዚህን ምክንያቶች ነጣጥሎ አንዱን ጥፋተኛ ማድረግ የሚያሳስት ይመስለኛል። የጠገበች ንብ የምትችለውን ክሪቲዲያ የተራበች ንብ አትችለውም፤ ስለዚህ አንድ መስክ ሲታረስ አብሮ የሚያድገው የተውሳኩም ጉልበት ነው።

ባምብል ንቦች በሽታን የሚከላከሉበት የራሳቸው መንገድ አላቸው?

አላቸው፤ አንዱም ከዘመዶቻቸው የሚያገኙት ነው። አዲስ የተፈለፈለች ንብ አንጀቷ ባዶ ስለሆነ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች የምትወስደው ከጎጆ ጓደኞቿ ዓይነ ምድር ነው፤ ይህን ያላገኙ ንቦች በክሪቲዲያ ይበልጥ እንደሚጠቁ በሙከራ ታይቷል። በሽታ የሚተላለፍበትና መከላከያው የሚገኝበት መንገድ አንድ መሆኑ ነገሩን አስገራሚ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ምግብ ነው። የሱፍ አበባ ብናኝ የተመገቡ ንቦች በአንጀታቸው ያለው የክሪቲዲያ መጠን በግልጽ ይቀንሳል፤ በሄዘር ቁጥቋጦ ወለላ ውስጥ የሚገኝ አንድ ንጥረ ነገር ደግሞ ተውሳኩን አንጀት ላይ የሚጣበቅበትን ጅራፉን ያሳጣዋል። ይህ ማለት ግን ሱፍ ብቻ ይዘራላቸው ማለት አይደለም፤ የሱፍ ብናኝ በገንቢ ምግብ ይዘቱ ደካማ ስለሆነ ብቻውን እጭ ለማሳደግ አይበቃም።

መሬት ላይ ተዳክማ የተገኘችን ንብ ስኳር ውኃ መስጠት ይጠቅማል?

በጸደይ የተገኘች ንግሥት ከሆነች ሊጠቅም ይችላል። መጀመሪያ አጠገቧ ባለ አበባ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። አበባ ከሌለ ሁለት እጅ ነጭ ስኳር በአንድ እጅ ውኃ አሟሙቶ ጠብታውን ከአፏ ፊት ማኖር ነው፤ ጉልበት ካላት ከአገጯ ሥር ያጠፈችውን ቡናማ ምላስ ዘርግታ ትልሳለች፤ ከዚያም ጡንቻዋን እስክታሞቅ ጥቂት ደቂቃዎች ቆማ ትነሣለች። ሰውነቷ ላይ ማንጠባጠብ ጸጉሯን ስለሚያጣብቅ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ማር መስጠት ግን አይገባም፤ የማር ንብ ተውሳኮችን ሊያስተላልፍ ይችላል። በወቅቱ ማብቂያ የተገኘች ጸጉሯ የተመለጠ፣ ክንፏ ዳር ዳሩ የተበጣጠሰ ሠራተኛ ከሆነች አርጅታለች፤ ስኳሩ ዕድሜ አይጨምርላትም።

ብዙ አበባ መትከል ንቦችን ሰብስቦ በሽታ አያስፋፋም?

ይህ በተመራማሪዎችም መካከል በቁም ነገር የተነሳ ጥያቄ ነው። በመስተዋት ቤትና በመረብ በተከለለ ቦታ የተደረጉ ሙከራዎች እንደሚያሳዩት አንዳንድ የአበባ ዓይነቶች ክሪቲዲያን ከሌሎቹ ይበልጥ ያስተላልፋሉ፤ እነዚህ በብዛት በተተከሉበት ቦታ በተውሳኩ የሚያዙት ንቦች ይበዛሉ። በእነዚሁ ሙከራዎች ግን ተጨማሪ አበባ የተሰጣቸው ኅብረ ንቦች፣ ተውሳኩ ቢኖርባቸውም እንኳ፣ አንድ የሰብል አበባ ብቻ ከተሰጣቸው የተሻለ ተራብተዋል። ስለዚህ በበሽታ ፍርሃት አበባ ከመትከል መቆጠብ ስህተት ነው።

የሚበጀው አተካከሉን ማስተካከል ነው፤ አንድ ዓይነት አበባ በአንድ ቦታ ከማጨቅ ይልቅ ቅርጻቸውና የሚያብቡበት ጊዜ የተለያየ የአካባቢው ዕፅዋት በየቦታው ቢበተኑ ንቦቹም አብረው ይበተናሉ። የዱር ንቦችን በመድኃኒት ማከም በተግባር የማይቻል ስለሆነ ከዚህ የተሻለ የጤና አገልግሎት ሊሰጣቸው አይችልም። ምርጫው ጠባብ ከሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው በጸደይ መጀመሪያ ለሚያብቡት፣ እንደ አኻያ ዛፍ ላሉት ነው፤ ንግሥቲቱ ከአፈር ስትወጣ ስቧን ጨርሳ፣ ምናልባትም ተውሳክ ይዛ፣ ገና ረዳት ሠራተኛ ሳይኖራት ስለሆነ በዚያ ሳምንት ያገኘችው ወለላ በኋላ ከሚመጣው ሁሉ ይበልጥባታል።